ከባሕር የወጡት አራቱ

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ሐምሌ 11 ቀን

ለውድ እህቴ ለራሄል፣

ይህች ወረቀት እጅሽ እስክትገባ ጤናሽ አይጉደል፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ያሳደገችን የእቴቴ ሳቅ ከቤቱ አይራቅ። እኔ አምላክ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ደግሞ የስፌት መኪናው ፔዳል በልቶታል፣ ምን ይደረግ።

ደህና ያልሆኑት ኤዶ አስሊ ናቸው። ኤዶ እዚህ አገር አክስት እንደማለት ነው፤ ክፍሌን ያከራዩኝ፣ ግቢያችን አንድ የሆነው አሮጊት። ስኳሩም ግፊቱም ነበረባቸው፣ አሁን ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ ለብሶት ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። ይሄ ሁሉ ግን አልነበረም የጣላቸው። የመጨረሻው ልጃቸው ሀርቢ ከቤርበራ ፍየል ጭና ወደ የመን በምትሄድ ጀልባ ላይ ሠራተኛ ነው። ክረምቱን እዚህ ሐጋ ይሉታል፣ ነፋሱ ባሕሩን የሚያስቆጣበት ነው፤ አስተዋይ ሰው ጀልባውን አስሮ ይቀመጣል። የነሱ አለቃ አቦኮር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ደርሰን እንምጣ ብሎ ወጣ፤ አራት ሆነው ሄዱ፣ ወሬያቸው ጠፋ። ኤዶ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ አሉ። የልጅ ልጃቸው ፊልሳን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ በማንኪያ ውሃ ስታጠጣቸው ትውላለች። ትልቁ ልጅ ቡርዖ ነው፣ ይደውላል። ትልቋ ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ናት።

በይ አሁን የሚያስቅ ልንገርሽ፤ ለእቴቴ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

በቀደም ሳማታር፣ ፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ፣ ቴሌቪዥኑን ወደ መንገድ አዙሮ ሰፈሩን ሁሉ ሰበሰበ። ለካስ የግል ኩባንያ መንኮራኩር ነው፣ ሰዎች ጭና ጠፈር ሰንብታ ባሕር ላይ ልታርፍ። የመንግሥት አይደለችም አሉ፤ እንደ ሚኒባስ ባለቤት ያላት። መጀመሪያ ሰማዩ ባዶ ነው፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ፣ ከዚያ ብርቱካንማና ነጭ የሆኑ ፓራሹቶች ቧ ብለው ተከፈቱ። ሰው ሁሉ መንኮራኩሯን ሲያይ እኔ ስፌቱን ነበር የማየው። ምን ያህል ክንድ ጨርቅ ይሆን? ማን ቀደደው፣ ማን ሰፋው? እኔ ብሆን ያንን ሰፍቼ ሰዎቹ እስኪወርዱ እህል አይወርድልኝም ነበር። ዘጭ አለች ባሕሩ ላይ፣ ታችዋ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ። ትንንሽ ጀልባዎች ከበቧት፣ ትልቅ መርከብ መጥቶ ጎትቶ አወጣት፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ እየደገፉ አወጡ። አራት ናቸው፣ አንዷ ሴት።

የባጃጁ ዓብዲወሊ ተናደደ። የኔ ባጃጅ እንኳ ሦስት ጎማ ይዛ ደረቅ መሬት ላይ ነው የምትቆመው፣ ይሄን ሁሉ ብር አፍስሰው ውሃ ውስጥ ይጥሏታል? አለ። ሳማታር ደግሞ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ቢመጡ ኖሮ ታክሲ ተሰልፎ ይጠብቃቸው ነበር፣ ዋጋውም ከዚያ አይብስም አለው። አንድ ሽማግሌ እዚያ ላይ ሆነው የሚሰግዱ ከሆነ መካ በየት በኩል ናት ብለው ጠየቁ፤ ወጣቶቹ ወደ ታች ነው ሲሏቸው፣ እንግዲያው ጫማቸውን ማውለቅ አለባቸው ብለው አረፉት። ውሸት ነው፣ ፊልም ነው ያለም አለ። ወተት ሻጯ ብቻ ነች ሳቃችንን ያቆመችው። ከፍለው ሄዱ ነው የምትሉኝ? አለች። እኛም ልጆቻችን ከፍለው ይሄዳሉ፤ የሚቀበላቸው መርከብ ግን አላየሁም አለችና ጣሳዋን አንስታ ሄደች። እኔ ደግሞ እናቶቻቸው በዚያ ሰዓት የት ተቀምጠው ይሆን እያልኩ ገባሁ።

ኋላ የፊልሳንን ስልክ ይዤ ለኤዶ አስሊም አሳየኋቸው፣ ሐሳባቸው ይበተን ብዬ። ደስ አላቸው፣ ራታቸውን በሉ። እሱን እንተወው።

በሾፌሩ በያረጋል ጋቢና አንዲት ፌስታል ልኬልሻለሁ። ውስጡ ለእቴቴ ባቲ ነው፣ እዚህ ሴቱ ሁሉ ቤት የሚለብሰው ሰፊ ቀሚስ። ለድሬ ሙቀት የሚሆን ስስ ጥጥ መርጬ ነው የሰፋሁት፣ ክንዷ ላይ እንዳይይዛት አስፍቼዋለሁ። ለብሳው ምን እንዳለች ጻፊልኝ። ስልክሽንም አሠሪ እባክሽ። ውሃ ከገባበት ወዲህ እሑድ እሑድ የእቴቴን ድምፅ መስማት ቀርቶ በወረቀት ቀረን፣ እንደ ድሮ ሰዎች።

እህትሽ ሙሉነሽ

*

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሐምሌ 26 ቀን

ለእህቴ ለሙሉነሽ፣

የሰላም አምላክ ጉልበትሽን ይጠግን፣ በሰው አገር ፊት ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ሰፈሩን ዞረ። ለጎረቤት አነበብኩት፣ የሽማግሌውን ጫማ ስሰማ እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር። እዚህም ወሬው እሱው ነው። ልጆቹ ፌስታል በክር እያሰሩ፣ ድንጋይ እያንጠለጠሉ ከድልድዩ ላይ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይለቃሉ። ከታች ቆመው ተረፈ፣ ሞተ እያሉ ይቆጥራሉ። ተቆጣኋቸው። መንኮራኩሩን ሳይሆን ቆጠራውን ነው የጠላሁት።

ባቲው ደርሷል። እጥፉን ሳልፈታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ስፌትሽ ዛሬም አያስታውቅም። ስለ እቴቴ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ያረጋል መኪናውን አስነስቶ ደጅ ላይ ጡሩንባ ይነፋል። ስልኩን የሚሠራው ልጅ ዕቃ የለም አለኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ኤዶ አስሊ ልጃቸው ባሕር ላይ ጠፍቶ፣ ባሕር ስታሳዪያቸው ለምንድን ነው ደስ ያላቸው? «እሱን እንተወው» ብለሽ የዘለልሽው ነገር አለ። አብረን አድገን የለ? ስትዘዪ አውቅሻለሁ።

ራሄል

*

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ነሐሴ 6 ቀን

ለራሄልዬ፣

ጤና ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ለእቴቴም ዕድሜዋን ይጨምርላት። እንደ ፈራሁት ያዝሽኝ። ማንም ባይጠይቀኝ ደስ ባለኝ፣ ስትጠይቂኝ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ እንግዲያውስ ልንገርሽ።

ያን ቀን የፊልሳንን ስልክ ይዤ ኤዶ አልጋቸው ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ምንድን ነው የምታዪው አሉኝ። ባሕር ነው፣ ሰዎች ከባሕር እያወጡ ነው አልኳቸው። ከሰማይ ነው የመጡት የሚለውን ከዚያ ቀጥዬ ልነግራቸው ነው እኮ፤ ግን ቀልቤ ፓራሹቱ ላይ ሄደ፣ ውሃው ላይ ተነጥፎ ሲጎትቱት ጠርዙን እንዴት እንደ ቀመቀሙት አያለሁ። በሕይወት ናቸው? አሉኝ። በሕይወት አልኩ። ስንት ናቸው? አራት ናቸው፣ አራቱም ወጡ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ በሀርቢ ጀልባ ላይ አራት ሰው እንደነበረ የማላውቅ ይመስል።

ኤዶ ስልኩን ከእጄ ወስደው ሳሙት። ለሞራ ዓይን ሰማያዊ ባሕር፣ ትልቅ መርከብ፣ የሚሯሯጡ ጀልባዎች ይታዩታል፤ ሌላው ጭጋግ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የኔ ልጅ የትኛው ነው? ያ እጁን የሚያውለበልበው ነው?» አሉኝ።

ፊታቸውን አየሁት፤ ያን ፊት ብታዪው። «ምስሉ ትንሽ ነው ኤዶ፣ አይለይም» አልኳቸው።

እዚያ ላይ ነው ጥፋቴ ራሄልዬ። መጀመሪያው ስህተት ነበር፣ ይሄኛው ስህተት አይደለም።

ሩዝ በወተት አምጡልኝ አሉ፣ በሉ፣ ተኙ። ፊልሳን ስትመጣ ግቢው ሌላ ሆኖ ጠበቃት። ነገሩን ነገርኳት። ልጅቷ ወዲያው ልትነግራቸው ነበር የተነሳችው። እዚህ አገር እንደኛ አይደለም፤ የሞት ወሬ አያድርም። የሰሙት ይነግሩሻል፣ ኢና ሊላሂ ትያለሽ፣ ትጸልያለሽ። እኔ ነኝ የያዝኳት። በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም፣ መጀመሪያ ዘመድ ይሰበሰብ፣ አጎትሽ ከቡርዖ ይምጣ፣ ጎሕ ሲቀድ በወግ ይነገራቸው አልኳት። ደግሞም ሀርቢ ይሙት ይኑር ማን ያውቃል አልኳት። እሷም ከትልቅ ሰው የመጣ ምክር መስሏት ተቀበለችኝ። ወግ አልኳት እንጂ ፍርሃት ነበር። አጎትየው ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ፣ እኔም በሆዴ ይቆይልኝ እያልኩ ሰነበትኩ።

ኤዶ የሀርቢን ሸሚዝ አሳጥበው አስተኮሱኝ። እኔው ነኝ የተኮስኩት። ለመስጊድ ተምር ላኩ። እስኪመጣ ወሬው ከግቢ አይውጣ፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው አሉ። ግን እናት አይደሉ? አንዲት ሰው ላይ አልጨክን አላቸው፤ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወዳለችው ወደ አቦኮር ሚስት ወደ ሳምሳም ላኩባት።

ሳምሳም ሕፃኗን አዝላ እየሮጠች መጣች። ኤዶም፣ ሙሉነሽ በዓይኗ አይታለች፣ እሷን ጠይቂያት አሏት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አቦኮር ጢም አለው» አለችኝ ሳምሳም። «ጢም ያለው ሰው አየሽ?»

አላየሁም ብል እውነት ነበር፣ አየሁ ብል ደግሞ ውሸት። እኔ ሦስተኛውን መረጥኩ። ምስሉ ትንሽ ነው፣ ቤርበራ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል አልኳት። በማግስቱ ከነሕፃኗ ቤርበራ ሄደች፣ እስካሁን አልተመለሰችም። ባቄላ የሚያህል ልጅ አዝላ በዚያ ሙቀት ማንን እንደምትጠይቅ ሳስብ መቀሴን የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ። የማን ቀሚስ እንደሆነ እንጃ፣ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ሳማታር ያንን ቪዲዮ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያሳያል። እስካሁን ይሳሳቃሉ። እኔ የፓራሹቱን ቀለም ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

እባክሽ እቴቴን ጠይቂልኝ። ለገንደ ቆሬ ሁሉ መርዶ ነጋሪ እሷ አልነበረች? ሰው ሲሞትበት የሚፈራ ሁሉ እሷን ነበር የሚጠራ። ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ፣ እንደ ወትሮዋ ሰላም ብላ ትገባለች፣ ቁርስ ታስበላለች፣ ስለ ዝናብ ስለ ገበያ ከዳር ዳር ታዞረዋለች፣ ከዚያ እጃቸውን ይዛ ትናገራለች። እኔ ያለሁበትን ብትሰማ ምን ትለኛለች? ለኤዶ ሀርቢ ሞተ ማለት አልችልም፣ አልታወቀም። ዳነ ማለትም አልችልም። ብቻ ያ ያዩት እሱ አይደለም ነው የምል። እንዲህ ያለ መርዶ ነግራ ታውቃለች?

ስልክሽ ካልተሠራ የጎረቤት ተዋሺ። አንድ እሑድ ብቻ ድምፅዋን አሰሚኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ ልበልሽ፣ አሁን ከዚህኛው በኩል ሆኜ ስላየሁት። እኔ ላይ አንድ ነገር ቢመጣ ሰው እስኪሰበሰብ አትጠብቂ። ባለማወቄ የምስቀውን ሳቅ አንድ ሰው ከጎኔ ሆኖ እንዲያየኝ አልፈልግም።

ሙሉነሽ

*

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ነሐሴ 19 ቀን

ሙልዬ፣

አምላክ ያበርታሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ያረጋል አንዴ መጥቶ ባዶ እጁን ነው የመለስኩት፤ ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ።

እቴቴን ጠይቂልኝ ያልሽውን መጠየቅ አልቻልኩም። የምትለውን ግን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። መርዶ እንደ ዳቦ ነው፣ ካደረ ይሻግታል፣ ሻጋታውን የሚበላው ያቆየው ሰው ነው ትል አልነበር? ሰው የሚሰበሰበው ለነጋሪው ብርታት ሊሆን ነው እንጂ ላለመናገር ሰበብ ሊሆን አይደለም። ይሄን እኔም ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። መናገርና ማድረግ ግን ይለያያል፤ አፍሽ ላይ ይመጣና ፊትዋ ትዝ ይልሻል፣ ትውጪዋለሽ። ነገ ትያለሽ። ነገ ደግሞ ስለ ትናንትናው ዝምታሽም መናገር አለብሽ፣ ሸክሙ ሁለት ይሆናል።

ሂጂና ንገሪያቸው። ሌላ መርዶ የለሽም፤ የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ። ብቻሽን አትግቢ። ቁርሳቸውን ይብሉ።

ከነገርሻቸው በኋላ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። ላቆየሽባቸው ምን አሉሽ? ይቅር አሉሽ? አሳምረሽ አትጻፊልኝ፣ እንዳሉት ቃል በቃል ጻፊው። እፈልገዋለሁ።

ስልኩ ገና ነው። ያረጋል በሚቀጥለው ሲመጣ ከቤት አትውጪ።

ራሄል

*

ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ጳጉሜን 2 ቀን

ራሄል፣

ሰላምታውን ዛሬ ከፊት አላስቀመጥኩትም፣ እንዴት እንደምጀምረው ስላላወቅሁ ነው። መጀመሪያ ያዘዝሽኝን ልጻፍ፣ ቃል በቃል ብለሻልና።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ ሳምሳም ተመለሰች። ቤርበራ ወደብ ገብታ በሕይወት የወጡትን ሰዎች የት አስቀመጣችኋቸው ብላ ነው የጠየቀችው፤ እየሳቀች። የሚያውቋት ሰዎች ተያይተው ነገሯት። ዓሣ አጥማጆች ጀልባይቱን ተገልብጣ አግኝተዋታል። ሁለት ሬሳ ወደ ዳር ወጥቷል፣ አንዱ አቦኮር ነው፤ በጢሙ ለዩት። ሀርቢና ሌላው ልጅ አልተገኙም፣ ከዚያ ነፋስ የሚተርፍ የለም አሏት። ይሄን ለእኔ ስትነግረኝ አልጮኸችብኝም። ሕፃኗን አስይዛኝ ፊቷን ታጠበች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከፊልሳን ጋር ገባን። ቁርስ አበላናቸው። እኔ እንደ እቴቴ ልሁን ብዬ ከሐጋው ነፋስ ጀመርኩ፣ ስለ ባሕር ዳር ዳር አልኩ። ኤዶ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ሙሉነሽ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው? ተናገሪ» አሉ።

«ያን ቀን ያሳየሁዎት ሀርቢን አይደለም» አልኳቸው። «ሌሎች ናቸው፤ ከሰማይ የወረዱ ሰዎች። እኔ አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ።» ከዚያ ፊልሳን ስለ ጀልባይቱ ነገረቻቸው።

ኢና ሊላሂ አሉ። አላለቀሱም። ኋላ ላይ፣ «እነዚያ ከሰማይ የወረዱት እናት አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አላቸው አልኩ።

«እንግዲያው ምስጋናዬን እነሱ ይውሰዱት። የሰጠሁትን አልመልስም» አሉ። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ገፉኝ። «ልጄ ግን በነዚያ ቀናት ዱዓዬን ይፈልግ ነበር። እኔ ሸሚዝ አስተኩስ ነበር። ይሄን ነው የወሰድሽብኝ።»

ይኸው ነው፣ ቃል በቃል። ይቅር አላሉኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት በፊልሳን የሚልኩልኝ ሻይ ቀረ። ግቢ ውስጥ ሳልፍ እርምጃዬን ያውቁታል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ለቅሶ የመጣው ሰው ጫማውን ደጄ ላይ እያወለቀ ሲገባ፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ድስት አጠብኩ።

አሁን ያንቺን ልንገርሽ።

ያረጋል ትናንት መጣ። ጭነቱን ሊያራግፍ አይደለም፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሃሩን ከሚባለው የቤርበራ መስመር ሾፌር ጋር፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጄ ቆመ። ዳቦና ስኳር ይዟል። ያረጋልን ስንት ዘመን አውቀዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ኮፍያውን አውልቆልኝ አያውቅም። ቁርስ በላሽ ወይ አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። ቁጭ በይ አለኝ። ድሬ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው አለኝ። ደቻቱም ሞልቶ ነበር አለኝ። ሃሩን ዳቦውን ይቆርሳል፣ ማንም አይበላም። ከዚያ እቴቴ ትንሽ ደከም ብሏት ነበር፣ ታውቂ የለ፣ ዕድሜ ነው አለና ወደ ዝናቡ ተመለሰ።

እኔ ማወቁን አውቄያለሁ ራሄል። ይሄን መንገድ ከእቴቴ ቀሚስ ሥር ሆኜ ነው የተማርኩት። ግን ሰው ራሱ ላይ ሲመጣ ያወቀውንም አያውቅም፤ ደከማት ሲለኝ፣ ታዲያ ባቲው ይቀላታል፣ ስስ ነው አልኩት። ያረጋል ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ኤዶ አስሊ የሰው ድምፅ ሰምተው በዱላቸው እየዳበሱ ወጡ። እነማን ናቸው አሉ፣ ሃሩን በሶማሊኛ በጆሯቸው ነገራቸው። እንግዲህ ይመለሳሉ ብዬ ነበር። መጥተው የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እጄን ፈልገው ያዙ።

«ሙሉነሽ፣ እናትሽ ሞታለች» አሉኝ። «ከተቀበረች ቆይቷል። እነዚህ ሰዎች ይሄን ሊነግሩሽ መጥተው ስለ ዝናብ ያወራሉ። አሁን አልቅሺ፣ እኔ ይዤሻለሁ።»

አክስቷ ናት ብሎ ሊያርማቸው ነበር ያረጋል። ተወው አልኩት። ያሳደገችኝ እሷ አይደለችም?

ለሰኔ ሚካኤል ሰሞን ነው አለኝ ኋላ። ያንን ባቲ ክንዷ ላይ እንዳይይዛት እያልኩ ሳሰፋላት አፈር ለብሳ ነበር። ጮክ ብለሽ አንብቢላት ስልሽ፣ ዕድሜዋን ይጨምርላት ስልሽ፣ ምን ትላለች ብለሽ ጠይቂልኝ ስልሽ። ስልክሽም ውሃ አልገባበትም። ድምፅሽ እንዳያሳብቅብሽ ነው። እንዳልቆጣሽ እፈልጋለሁ፣ ደግሞ እቆጣሻለሁ። መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም፤ አሳምረሽ አትጻፊ ያልሽው አንቺ ነሽ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመጣ ዋለ። ሳማታር ሱቁን ዘግቶ መጣ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፤ እናት ሁሉ አንድ ናት፣ ላንቺም ለኤዶም ነው የመጣሁት አለ። ዓብዲወሊ አሕመድ ዳጋህ ያሉትን የአገሬን ሴቶች በባጃጁ እያመላለሰ አመጣቸው፣ ሒሳብ ቢሉት ዛሬ ባጃጇ ጾመኛ ናት አላቸው፤ ለቅሶ ላይ አሳቃቸው። ወተት ሻጯ ጣሳዋን ከነወተቱ ትታ ሄደች። ሳምሳም የባሏን ሐዘን ነጭ ልብስ ለብሳ መጣች። ያለ ወጉ ነው የወጣሽው፣ ባል የሞተባት ከቤት አትወጣም አሏት ሴቶቹ። ሩቅ አይደለም ብላ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሕፃኗን እንደዚያን ጊዜ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሰው ሲሳሳ ኤዶ ብቻ ቀሩ። ማን ነው ያቆየብሽ አሉኝ። እህቴ ናት፣ ራሄል አልኩ። ተቆጣሽባት? አሉኝ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሳቸውም እኔን እንደ ተቆጡ ናቸው፣ አልካዱኝም።

«ዓይኔ ሞራ ቢሆንም ብርሃን አይስተውም» አሉኝ ከዚያ። «በነዚያ ቀናት የክፍልሽ መብራት ሲበራ ያድር ነበር። ስፌት በዝቶባት ነው እል ነበር፤ አሁን ገባኝ። እንዲህ ያለ መብራት ድሬም አለ። ጻፊላት፣ ታጥፋው።»

እህትሽ
ሙሉነሽ